የመድኅን ባሕረ ሐሳብ

በሜሪላንድ ምድር የመፀው ወራት ገብቶ የዛፉ ቅጠል ሲቀላና ሲረግፍ፣ የሀገሩ ሰው ልጆቹን በመኪና ጭኖ የተራራውን ጌጥ ለማየት ሲወጣ፣ እኔ ግን በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ፣ መነጽሬን አንድ ጊዜ ወደ ዓይኔ አንድ ጊዜ ወደ ግንባሬ እየመለስሁ፣ የጤና ኢንሹራንስ ወረቀት ስመረምር አመሻለሁ። የምሠራበት ሆቴል በየዓመቱ በዚህ ወራት ለሠራተኞቹ የሁለት ሳምንት የመምረጫ ጊዜ ይሰጣል፤ በነዚህ ሁለት ሳምንታት ያልመረጠ ወይም የመረጠው ኋላ ያልጣመው ሰው፣ በመካከሉ እንደ ማግባት፣ እንደ መውለድ ወይም እንደ መፋታት ያለ ነገር ካልደረሰበት በቀር፣ የሚመጣውን ዓመት ሙሉ በዚያው ውል ታስሮ ይኖራል። ከባልደረቦቼ አንዱ ይህ ደንብ ሲነበብ ሰምቶ፣ «ለኢንሹራንስ ሲል ትዳሩን ያፈረሰ ይኖር ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ነገሩን ለባለቤቴ ለማጫወት አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን ነገር ፍለጋ እንዳይመስልብኝ ብዬ ተውሁት።

ለአንባቢ አስቀድሜ መግለጽ የሚገባኝ አንድ ነገር አለ፤ እንጀራዬ ቁጥር ነው። ሌሊት ሌሊት፣ እንግዳው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ የሆቴሉን የዕለት ገቢና ወጪ አስታርቄ መዝገብ የምዘጋ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከዚያም በፊት በልጅነቴ በጎጃም ከመምህር እግር ሥር ተቀምጬ ዳዊት ደግሜ፣ ድሜጥሮስ ቀመረው ከሚባለው ከበዓላትና ከአጽዋማት ሒሳብ፣ ከባሕረ ሐሳብም ጥቂት ቀምሻለሁ። እንዲህ የሌላውን ሰው ሒሳብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የማስታርቅ ሰው፣ የገዛ ሥጋዬን ዋጋ ለመተመን ስቀመጥ ግን፣ ፊደል እንዳልቆጠረ ሕፃን ጣቴን ማጠፍ እጀምራለሁ።

ምርጫው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ውል ባለ ኮፔይ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዜ 210 ዶላር ይቆረጣል፤ ደመወዝ በዓመት 26 ጊዜ ስለሚከፈል ድምሩ 5,460 ዶላር ይሆናል። ይህን ከፍሎ የገባ ሰው፣ በሄደ ቁጥር በበሩ ላይ ለቤተሰብ ሐኪሙ 30፣ ለልዩ ሐኪሙ 50፣ ለድንገተኛ ክፍሉ 300 ዶላር ይሰጣል፤ የደምና የራጅ ምርመራ ግን ሳይከፈልበት ያልፋል። ኮፔይ የሚሏት ይህችን የበር ክፍያ ነው። የድሮ የሲራራ ነጋዴ በቅሎውን እየነዳ ኬላ በደረሰ ቁጥር ቀረጡን ጥሎ እንደሚያልፍ ያለ ነገር ነው፤ ኬላው ያስመርራል፣ ነገር ግን ነጋዴው ከቤቱ ሲነሣ የኬላውን ቁጥርም የቀረጡንም ልክ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ውል ኮፔይ የለውም። ኮፔይ የለውም የሚለውን ቃል በትልልቅ ፊደል አስጊጠው ስለ ጻፉት፣ ችኩል አንባቢ ነጻ ሕክምና ያገኘ መስሎት እልል ይላል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት እልል ብዬ ነበር። ነገር ግን ኮፔይ የታጣው ኬላው ስለ ፈረሰ አይደለም፤ ነጋዴው ድልድይ የሌለውን ወንዝ በገዛ ዋናው መሻገር ስላለበት ነው እንጂ። በየሁለት ሳምንቱ የሚቆረጠው 110፣ በዓመት 2,860 ዶላር ብቻ ነው፤ ዳሩ ግን ቤተሰቡ በዓመቱ ውስጥ ዲዳክተብል የሚባለውን 4,000 ዶላር ከኪሱ አውጥቶ እስኪጨርስ ድረስ፣ ከዓመታዊው የጤና ምርመራና ከክትባት በቀር፣ ኢንሹራንሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ዝም ይላል። 4,000ው ካለቀ በኋላ ከመቶ ሰማንያውን እሱ፣ ከመቶ ሃያውን እኛ እንከፍላለን፤ የኛ ወጪ 8,000 ሲሞላ የቀረውን ሁሉ እሱ ይሸከማል። ለዚህ ትዕግሥታችን ወሮታ ይሆን ዘንድ አሠሪው ኤችኤስኤ በሚባል የጤና ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ 1,000 ዶላር ያኖርልናል።

ኢንሹራንስን በቋንቋችን መድን ብለን መጥራታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቃሉ «ድኅነ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ደኅና፣ ደኅንነት፣ መድኃኒት፣ መድኅን፣ ሁሉም የዚያው የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው፤ መድኃኔ ዓለም ስንልም ዓለሙን ያዳነውን ጌታ መጥራታችን ነው። ያን የሚያህል ስም ለዚህ ሥራ ማዋላችን ድፍረት ይሁን የዋህነት እንጃ፤ የፊተኛው መድኅን ያዳነን በነጻ ሲሆን፣ ይኸኛው ግን ገና ከማዳኑ በፊት የአባልነት ቁጥር ይጠይቃል፣ ሐኪሙም ኔትወርክ ከሚሉት ከተዋዋሏቸው ሐኪሞች ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ ብሎ ይመረምራል። የውሉ ጽሕፈት ደግሞ ያለ አንድምታ የሚነበብ አይደለም፤ «ይሸፈናል» የሚለው አንዱ ቃል፣ አንድም ይከፈላል ማለት ነው፤ አንድም ዲዳክተብሉ ካለቀ በኋላ ይከፈላል ማለት ነው፤ አንድም ዋጋው በስምምነት ይቀነሳል እንጂ የምትከፍለው አንተ ነህ ማለት ነው።

ለባለቤቴ ምስጢሩን ያስረዳኋት በጾም መስዬ ነው። ባለ ኮፔዩ ውል ጾመ ድኅነት ነው አልኋት፤ ይኸውም ረቡዕና ዓርብ ማለት ነው፤ ዓመቱን ከሞላ ጎደል አይለቅም፣ ነገር ግን ቀኑ የታወቀ፣ ሸክሙም የተመጠነ ስለ ሆነ፣ ሰው እስከ ሰዓቱ ታግሦ ሽሮውን በልቶ ያድራል። ኮፔይ የሌለው ውል ግን ሁዳዴ ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን ይገባል፤ ከገባም በኋላ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። የኛ ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን መሆኑን ሕፃን ያውቃል፤ የዚህን የኢንሹራንስ ሁዳዴ መጨረሻ ግን ሊቅም አይቆጥረው፤ ምክንያቱም ጤነኛው ሰው ፋሲካን ሳያይ ዓመቱን ሙሉ ሲጾም ይከርማል፤ በጃንዋሪ በረዶ ላይ አዳልጦት እግሩ የተሰበረ ሰው ግን በዚያው ሳምንት ዲዳክተብሉን ጨርሶ ገና በክረምቱ ፋሲካ ያደርጋል። ወጪው 8,000 የሞላለት ደግሞ በዓለ ኀምሳ ገባለት ማለት ነው፤ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ሁሉ ተፈቅዷል። በኖቬምበርና በዲሴምበር የሐኪም ቤት ቀጠሮ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ዲዳክተብላቸውን የጨረሱ ሰዎች ፋሲካው ሳያልፍባቸው፣ ዓመት ሙሉ ያሳደሩትን የትከሻ፣ የጉልበትና የሆድ ሕመም ሁሉ ተሸክመው ይወርዳሉ። ከዚያም ዲሴምበር 31 ሌሊት ሰዓቱ ሲመታ፣ የከፈልኸው ሁሉ ተሠርዞ ከዜሮ ይጀመራል፤ ያውም በኛ በጾመ ነቢያት ውስጥ፣ ለገና ስድስት ቀን ሲቀረው፣ በጾም ላይ ጾም ማለት አይደለምን?

ባለቤቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አዳምጣ፣ «ምሳሌው በስሏል» አለችኝ፣ «ጠብቅ ያልሁህ ሽሮ ግን አረረ።»

ነገሩ ከጥንት እንዲህ የተወሳሰበ አልነበረም። ዘመኑን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ልጥቀስና፣ በ1929 በቴክሳስ በዳላስ ከተማ፣ ጀስቲን ፎርድ ኪምቦል የተባለ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሹም፣ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል መዝገብ ውስጥ ያልተከፈለ የአስተማሪዎች ዕዳ ቢያይ፣ እያንዳንዱ አስተማሪ በወር 50 ሳንቲም እያዋጣ የታመመው እስከ 21 ቀን ድረስ በሆስፒታል ተኝቶ እንዲታከም ውል አቆመ። ይህን ያነበብሁ ዕለት ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ ይኸማ ዕድር ነው! አልሁ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ጡሩምባ ነፊው ብቻ ቀሩት እንጂ ሥርዐቱ ያው ነው፤ ልዩነቱም የኛ ዕድር አባሉ ከሞተ በኋላ ተሯሩጦ ሲደርስ፣ የዳላሶቹ ገና በሕይወት ሳለ መድረሳቸው ነው። ቆይቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ቢገድብ፣ አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ በደመወዝ ፈንታ የሕክምና ዋስትና ማቅረብ አበዙ፤ ጦርነቱ አለቀ፣ ልማዱ ግን ጸና። እነሆ ዛሬ የኔ ጉበትና ሳንባ ዕጣ ክፍላቸው በአንድ ሆቴል የሠራተኛ አስተዳደር መዝገብ ውስጥ የተጻፈው በዚያ ጦርነት ጦስ ነው።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። በሦስተኛው ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ መካከለኛ ዓመት በወረቀት ላይ ፈጠርሁ፤ ያሉን ሁለት ልጆች ናቸው፣ ታናሹ ጆሮውን ስለሚያመው የቤተሰቡን ሐኪም 10 ጊዜ፣ ልዩ ሐኪምም 2 ጊዜ እንጎበኛለን አልሁ። በባለ ኮፔዩ ውል 300 ሲደመር 100፣ ከ5,460 ጋር 5,860 ዶላር መጣ። በሁለተኛው ውል ያው ዓመት፣ ሐኪሙ፣ ደሙና ራጁ በሙሉ ዋጋቸው ሲታሰቡ፣ ዲዳክተብሉን ልክ ይጨርሱታል ብዬ ገመትሁ፤ 2,860 ሲደመር 4,000፣ አሠሪው የሚሰጠው 1,000 ሲቀነስ፣ 5,860 ዶላር። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና ደመርሁ፤ ያው ነው። በሆቴሉ ሥራ ሁለት ዐምዶች እኩል ሲመጡ ደስ ብሎኝ መዝገቡን ዘግቼ ቡና አፈላለሁ፤ ያን ሌሊት ግን ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ቁመው ሲያዩኝ፣ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ዓይነት ቃል እንደ ሰጡት ዳኛ ግራ ገባኝ። ጤና ሆነን ከከረምን ሁለተኛው ውል በ3,600 ዶላር ይረታል፤ ይህ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ጤና ሆኖ ለመክረም ውል የፈረመ ማን ነው? ትንሽ ያጽናናኝ በ2017 የታተመ ጥናት ነው፤ በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ብዙ ውል ቀርቦላቸው ከመረጡት ሠራተኞች የሚበዙት፣ ቢታመሙም ባይታመሙም ከሌላው ውል ይልቅ የሚያከስራቸውን መርጠው ተገኝተዋል። እንግዲህ ጣቱን የሚያጥፈው እኔ ብቻ አይደለሁም።

በሥራ ቦታዬ አንድ ወጣት የሀገራችን ልጅ አለ፤ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ በነዚህ ነገሮች ከሊቃውንት ይቆጠራል። «ጋሼ፣ ሁለተኛውን ነው መያዝ» አለኝ፣ «ኤችኤስኤ ውስጥ የተቀመጠውን ብር ዘንድሮ ባይጠቀሙበት ለከርሞ ይተላለፋል፤ ሥራ ቢለቁም የርስዎ ነው፤ ለሕክምና እስካወጡት ድረስ ታክስ አይነካውም።» ሕጉ በ2003 መውጣቱን፣ በ2025 አንድ ቤተሰብ እስከ 8,550 ዶላር ማስገባት እንደ ተፈቀደለት፣ ሁሉንም በቃሉ ይወጣዋል፤ በስልኩም ላይ የተጠራቀመውን ገንዘብ፣ አባት የልጁን ፎቶግራፍ እንደሚያሳይ አድርጎ አሳየኝ። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሲናገር አንድ እጁን ከጉንጩ ላይ አላነሣም።

«ምን ሆነሃል?» አልሁት።

«ጥርሴን ነው፤ ስድስት ወር ሆነኝ።»

«በዚህ ገንዘብ ጥርስ ማሳከም አይፈቀድምን?»

«ይፈቀዳል እንጂ፤ ግን ጋሼ፣ ብሩ ይነካል።»

ይህን ልጅ ሳይ ቀድሞ ያነበብሁት አንድ ትልቅ ምርመራ ትዝ አለኝ። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም፣ ጆሴፍ ኒውሃውስ በሚባል የኢኮኖሚ ሊቅ መሪነት፣ ከ1974 ጀምሮ እስከ 1982 ድረስ፣ በዴይተን፣ በሲያትልና በሌሎችም ቦታዎች የሚኖሩ ቤተሰቦችን በዕጣ እየለየ፣ አንዳንዶቹ በነጻ እንዲታከሙ፣ ሌሎቹ ከወጪው ከመቶ 25፣ 50፣ ወይም 95 ድረስ እንዲከፍሉ አድርጎ ነበር። የሚከፍሉት ከነጻዎቹ ያነሰ ታከሙ፤ ይህ ማንንም አላስደነቀም። የሚያስደንቀው ግን፣ ከፋዩ የማያስፈልገውን ሕክምና ብቻ ለይቶ አለመተዉ ነው፤ የሚያስፈልገውንም አብሮ ተወ። በጠቅላላው የሰዎቹ ጤና ብዙም አልተለወጠም ተባለ፤ ነገር ግን ከድሆቹ መካከል የደም ግፊት የነበረባቸው በነጻ የታከሙት የተሻለ ሆኑ። ስለዚህ ዲዳክተብል የሚሉት ነገር፣ እንደ ንፉግ መጋቢ፣ ሌባውንም ጾም አዳሪውንም ከማዕዱ ያለ ልዩነት የሚያባርር ይመስለኛል። ደግሞስ ገበያተኛ ሁን፣ ዋጋ እያነጻጸርህ ታከም ይሉናል፤ እኔም ምክሩን ሰምቼ አንድ ክሊኒክ ደውዬ፣ ጉልበት ማሳየት ስንት ነው ብል፣ «እንደ ኮዱ ነው» አለችኝ ሴትዮዋ። ኮዱስ ምንድር ነው ብላት፣ ሐኪሙ ካየህ በኋላ ይታወቃል አለችኝ። በሀገራችን ገበያ በሬ ሻጭ እንኳ ዋጋውን የሚነግርህ በሬው ከታረደ በኋላ አይደለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጸበል ጻዲቁ ሲታደል፣ በቤተ ክርስቲያናችን ካሉት አረጋዊ መሪጌታ አጠገብ ተቀምጬ ጭንቀቴን አማከርኋቸው።

«እኔስ ልጄ፣ መንግሥት ለሽማግሌ በሚሰጠው መድን፣ በሜዲኬር ነኝ» አሉኝ፣ «እሱም ኤ አለው፣ ቢ አለው፣ ሲ አለው፣ ዲ አለው፤ በስተርጅና ፊደል መቁጠር ጀምሬአለሁ። ያንተው ግን ቀላል ነው። ከባሕረ ሐሳብ የቀረህ ነገር አለ?»

«ጥቂት፣ የኔታ።»

«አበቅቴና መጥቅዕ ቢደመሩ ስንት ይመጣል?»

«ዘወትር ሠላሳ ነው።»

«ኮፔዩስ ስንት ነው አልህ?»

«ሠላሳ።»

«ታዲያ ድሜጥሮስ የጨረሰውን እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» ብለው ዳቤአቸውን ቆረሱ።

የመምረጫው ጊዜ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ባለቤቴ አረጋውያን ከምትንከባከብበት ሥራ ደክሟት ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ኮምፒዩተሩን ወደ እርሷ ሳበችው። ያቀረብሁላትን አራት ገጽ ሐተታ አልነካችውም።

«ጉልበትህን ዘንድሮ ስንት ጊዜ አመመህ?» አለችኝ።

«ደረጃ በወጣሁ ቁጥር።»

«ሐኪም ዘንድስ ስንት ጊዜ ሄድህ?»

ዝም አልሁ። እኔ ባደግሁበት ሀገር ሐኪም ዘንድ የሚሄደው በቃሬዛ የተያዘ ሰው ነው፤ ለራስ ምታት ዳማከሴ፣ ለሆድ ቁርጠት ፌጦ፣ ከዚያ ለሚያልፈው ጠበል ነበር፤ እኔም ኮፔይ የሌለውን ውል በያዝሁበት ዓመት፣ ጉልበቴን ባመመኝ ቁጥር ቅባት እያሸሁ፣ የተረፈውን ገንዘብ በስልኬ እመለከት ነበር። ለካ በዚያ ልጅ ጥርስ የሳቅሁት በገዛ ጉልበቴ ኖሯል።

«አየህ፣ አንተ ሠላሳ ዶላር ከተባልህ እየተነጫነጭህም ቢሆን ትሄዳለህ» አለችኝ፤ «ስንት እንደሚሆን ካልታወቀ ግን ደጃፉን አትረግጥም። ሦስት ሺህ ስድስት መቶው ይቅርብን።» ይህን ተናግራ ባለ ኮፔዩን ተጫነችው፤ ወዲያውም ሽሮ የማይጠብቅ ሰው ጉልበቱን እንዴት ይጠብቃል ብላ ወደ ምኝታ ቤት ገባች።

በጃንዋሪ፣ ገና በዋለ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቀጠሮ ይዤ ሄድሁ። ሠላሳውን ዶላር ከቤት በጥንቃቄ ቆጥሬ፣ የዕጣን ገንዘብ እንደሚይዝ ምእመን በእጄ ጨብጬ ከመስኮቱ ፊት ብቆም፣ ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ፣ የዛሬው ዓመታዊ ምርመራ ስለ ሆነ ምንም አትከፍልም አለችኝ። በ2010 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን በሽታን የመከላከል ምርመራ ያለ ኮፔይ እንዲሆን ማዘዙን በወረቀት አንብቤው ነበር፤ ነገር ግን ከፍሎ ለመዳን ቆርጦ የመጣን ሰው በነጻ ግባ ሲሉት፣ ስእለቱን የሚቀበለው እንዳጣ ሰው ይሸማቀቃል። ገንዘቤን ወደ ኪሴ መልሼ ገባሁ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ደሜን ለካ፣ ልቤን አዳመጠ፣ በመጨረሻም የበሩን እጀታ ይዞ፣ «ሌላ የሚሰማህ ነገር አለ?» አለኝ። እኔም ከመጣሁ አይቀር ብዬ ስለ ጉልበቴ ነገርሁት። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ጉልበቴን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ፣ የሚሠራ እንቅስቃሴም አሳየኝ፤ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፖስታ መጣ። በአንደኛው መስመር ላይ ዓመታዊ ምርመራ፣ ከተመርማሪው የሚፈለግ ዜሮ ይላል፤ ከበታቹ ግን በዚያው ዕለትና በዚያው ሰዓት የተደረገ ሌላ የሐኪም ጉብኝት ተመዝግቧል፤ በክፍሉም ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው እንዳልነበረ አስታውሳለሁ። ወረቀቱን አንድም አንድም እያልሁ ብፈታው፣ ምርመራው ነጻ የነበረው አፌን እስክከፍት ድረስ መሆኑን ተረዳሁ።

ባለቤቴ ከምጣዱ አጠገብ ቆማ እንጀራ እያወጣች፣ «ስንት ነው ያሉህ?» አለችኝ።

«አበቅቴና መጥቅዕ» አልኋት።